ብርጭቆ ውሃ የማታናውጥ መኪና

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በእኛ ሰፈር ላም ካየን ቆይተናል። «የመኪና በረት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጆሯችሁን አምጡ።

ደሴ ውስጥ፣ ዳገት ላይ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት አንድ ጠባብ ቅያስ አለ። ከላይ አስፋልት ነው፣ ከታች ወንዝ ነው፤ ስለዚህ መኪና የሚወጣው በላይ በኩል ብቻ ነው። በዚህ ቅያስ ገረመው የሚባል ሰው ከሚስቱ ከአስካለና ከስድስት ዓመት ልጁ ከትንቢት ጋር ይኖራል። ገረመው አሮጌ መኪናውን ሸጧል፤ አዲስ ሊገዛ ነው። ገንዘቡ አለ። የጎደለው የአስካለ እሺታ ብቻ ነው።

የእሱ ልብ የወደቀው አንዲት የቅንጦት አውቶሞቢል ላይ ነው። ጥቁር ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ወንበሯ ወተት የመሰለ ቆዳ ነው። ሻጩ አቶ ናደው ቁልፉን ሲሰጠው እንዲህ አለው፦

«እስከ ማታ ነድተህ ሞክራት። የወንበሯን ላስቲክ እንዳትቀድ። እንደወሰድካት ከመለስካት ተመሰጋግነን እንለያያለን። ወንበሯ ላይ አንዲት ጠብታ ካየሁ ግን ገዝተሃታል። ቃሌ ቃል ነው!»

የላስቲኩን ነገርማ ታውቁታላችሁ። እኛ አገር አዲስ ወንበር ከነላስቲኩ ያረጃል እንጂ ላስቲኩ አይወልቅም።

ገረመው መኪናዋን በሩ ላይ አቁሞ፣ ዙሪያዋን እየዞረ፣ እግሩ መሬት አልነካ አለ።

«አስኩ! ሞተሯ ሲነሳ ሰማሽ? አልሰማሽም! ብርጭቆ ውሃ ሞልተሽ ብታስቀምጪባት አታናውጠውም!»

«ብርጭቆ ውሃ ይዤ የት ልሄድ ነው?» አለች አስካለ። «ለየቀኑ ነው የምንፈልጋት ወይስ ለሙሽራ? ጎመን ስጭንባት ምን ትላለች? ልጅ ብስኩት ስትፈረፍርባትስ?»

«ለየቀኑ ነው እንጂ! ለየቀኑ!»

«እንግዲያው ቀኑ ይኸው። ዛሬ የወላጆች ቀን ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ትንቢት መድረክ ላይ ወጥታ እንግዶቹን ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› ትላለች። በዚህች መኪና በሰዓቱ ካደረስከን ማታ አስብበታለሁ። ካላደረስከን ወይ ታክሲ ከያዝን፣ ማታ ቁልፉን ትመልሳለህ።»

ገረመው ደረቱን ነፋ። ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ እኮ ቅርብ ነው! ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ሦስቱም ገቡ። ትንቢት ነጭ ቀሚስና ነጭ ጫማ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች፤ ላስቲኩ ከሥሯ ተንኮሻኮሸ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አማራት።

«አባዬ፣ መስኮቱን አውርድልኝ። ነፋስ ፊቴን ይምታኝ።»

«አቧራ ይገባል የኔ ልጅ። አስፋልት ስንደርስ ይወርዳል።»

ትንቢት ተስፋ አልቆረጠችም፤ እግሯን እያወዛወዘች ዘፈነችው። ትንቢት ይውረድ አለች፣ መስኮቱ አልወርድም አለ!

መኪናዋ ዳገቱን ድምፅ ሳታሰማ ወጣች። አስፋልቱ ሊታይ ሲል ቀጥ ብላ ቆመች። ቅያሱ አፉ ላይ ከግራ አጥር እስከ ቀኝ አጥር የእድር ድንኳን ተጥሎበታል። ትናንት ሰርግ ነበር፤ ዛሬ የሽማግሌዎቹ ምሳ ነው። ገረመው ጡሩምባ ነፋ፤ ድንኳኑ ንቅንቅ አላለም።

«በዚህ በኩል ሹልክ በያ!» አላት መኪናዋን።

«እኔ ዝቅ ብዬ የምሄድ የቤተሰብ መኪና ነኝ እንጂ በድንኳን ሥር የምሾልክ ድመት አይደለሁም» አለች መኪናዋ። «ድንኳኑ ካልተነሳ አላልፍም።»

ገረመው ወረደ። የትንቢት ነጭ ጫማ አቧራ እንዳይነካው እሽኮኮ አደረጋትና ወደ ድንኳኑ ሄደ። አስካለ መኪናው ውስጥ ቀረች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ፣ እንደ እንግዳ።

«ድንኳን ሆይ» አለ ገረመው፣ «ትንቢት ይውረድ አለች፣ መስኮቱ አልወርድም አለ፣ መኪናዋ አላልፍም አለች። እባክህ ታጠፍልን።»

የእኛ ሰፈር ድንኳን ይናገራል። የእድር ድንኳን ስለሆነ ብዙ ስብሰባ ተቀምጧል፤ ንግግር ያውቃል።

«ክቡር ጎረቤቴ» አለ ድንኳኑ፣ «ሐሳብህን በጥሞና አዳምጫለሁ። ነገር ግን ሆዴ ውስጥ አግዳሚ ሞልቶ እንዴት አድርጌ ልታጠፍ? አግዳሚዎቹ ይውጡ፣ ያኔ እታጠፋለሁ።»

ገረመው ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ትንቢት ከላይ ጭንቅላቷን ደፋች። አግዳሚዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል።

«አግዳሚዎች ሆይ፣ ትንቢት ይውረድ አለች፣ መስኮቱ አልወርድም አለ፣ መኪናዋ አላልፍም አለች፣ ድንኳኑ አልታጠፍም አለ። እባካችሁ ውጡልን።»

«ወገባችን ተቆረጠ እኮ!» አሉ አግዳሚዎቹ እያቃሰቱ። «መውጣቱን እኛ ጠልተን ነው? ሰው ተቀምጦብናል! ሽማግሌዎቹ ካልተነሱ አንንቀሳቀስም።»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። ከሁሉ የሚበልጡት አባባ መኩሪያው በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። ገረመው እጅ ነስቶ አፉን ሲከፍት ትንቢት ከላይ ቀደመችው።

«አባባ መኩሪያው! እኔ ይውረድ አልኩ፣ መስኮቱ አልወርድም አለ፣ መኪናዋ አላልፍም አለች፣ ድንኳኑ አልታጠፍም አለ፣ አግዳሚዎቹ አንንቀሳቀስም አሉ። እርስዎ ይነሱልን!»

«እሰይ የኔ ልጅ፣ አፍሽ ማር ነው» አሉ አባባ መኩሪያው። «ግን ሙሽሮቹን ሳንመርቅ ብንነሳ ነውር አይሆንም? መመረቁንማ እንመርቃለን። በባዶ ሆድ ነው እንጂ ያቃተን። ይኸው ‹ይባርካችሁ› ልል አፌን ስከፍት ሆዴ ቀድሞ ይጮኻል፤ ሙሽሮቹ ‹አሜን› የሚሉት ለእሱ ነው። ዶሮ ወጡ ይምጣ፣ እንበላለን፣ እንመርቃለን፣ እንነሳለን።»

«የት አለ ወጡ?»

«እትዬ በለጡ ግቢ። ከታች፣ ወንዙ አፋፍ።»

እትዬ በለጡ የሰፈሩ ወጥ ሠሪ ናቸው። ገረመው ትንቢትን እንደተሸከመ ቁልቁል ወረደ። በመኪናዋ አጠገብ ሲያልፍ ወደ ውስጥ አየት አደረገ። አስካለ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ አንድ ቁልፍ ተጭና፣ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ለጥጣዋለች። ሲያያት ቶሎ ብላ ወንበሩ ሥር የወደቀባትን ነገር የምትፈልግ መሰለች።

እትዬ በለጡ ግቢ ትልቁ ድስት እሳቱ ዳር ጉብ ብሏል። ስፋቱ አንድ በግ ያስተኛል። እትዬ በለጡ ማማሰያቸውን ይዘው ዙሪያውን ይንጎራደዳሉ።

«ድስት ሆይ» አለ ገረመው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ትንቢት ይውረድ አለች፣ መስኮቱ አልወርድም አለ፣ መኪናዋ አላልፍም አለች፣ ድንኳኑ አልታጠፍም አለ፣ አግዳሚዎቹ አንንቀሳቀስም አሉ፣ ሽማግሌዎቹ አንነሳም አሉ። በሞቴ፣ ዳገቱን ውጣልን!»

«በማን እግር?» አለ ድስቱ ፍልቅ ፍልቅ እያለ። «ሆድ እንጂ እግር አልተሰጠኝ። ሚዜዎቹ ይሸከሙኝ ተብሎ ነበር፤ እነሱን ጠይቃቸው። እስከዚያው ዳገት አልወጣም።»

ሚዜዎቹ አራት ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ነጭ ሱፋቸውን አላወለቁም፤ እንዳይጨማደድባቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ገረመው ደክሞት ስለነበር ትንቢት ብቻዋን ተወጣችው፤ ይውረድ፣ አልወርድም፣ አላልፍም፣ አልታጠፍም፣ አንንቀሳቀስም፣ አንነሳም፣ ዳገት አልወጣም! እያንዳንዱን ስትል የአባቷን ራስ እንደ ከበሮ ትመታለች።

«ጋሽ ገረመው» አለ ትልቁ ሚዜ፣ «ነጭ ሱፍ ለብሰን ቀይ ወጥ? ቪዲዮው እኮ ገና አላለቀም! እስከ ባጃጇ ከሆነ ክንዳችንን ዘርግተን እንይዘዋለን። ዳገቱን ግን አንሸከምም።»

ባጃጇ እዚያው በሩ ላይ ቆማለች። ባለቤቷ ሸምሱ መሪው ላይ ተደግፎ ይስቃል፤ ሁሉን ሰምቷል።

«ሸምሱ ወንድሜ» አለ ገረመው፣ «መስኮቱ አልወርድም አለ፣ መኪናዋ አላልፍም አለች፣ ድንኳኑ አልታጠፍም አለ፣ አግዳሚዎቹ አንንቀሳቀስም አሉ፣ ሽማግሌዎቹ አንነሳም አሉ፣ ድስቱ ዳገት አልወጣም አለ፣ ሚዜዎቹ አንሸከምም አሉ። አንተ ጫንልን።»

«ኧረ አላህን ፍሩ ጋሼ!» አለ ሸምሱ። «የእኔ ባጃጅ እንደ ፍየል ነው የምትዘለው። ድንኳኑ ጋ ስትደርስ መረቁ መንገድ ላይ ቀርቶ እንቁላሉ ብቻ ነው የሚደርሰው። አልጭንም።»

«እውነቱን ነው» አሉ እትዬ በለጡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ለዚህ ድስት ረጋ ያለች መኪና ነው የሚያስፈልገው፤ እንዲያው ብርጭቆ ውሃ እንኳን የማታናውጥ።»

ድስቱ ፍልቅ አለ። ትንቢት ከላይ ጎንበስ ብላ የአባቷን ፊት በግልባጩ አየችው።

«አባዬ! ጠዋት ምን ነበር ያልከው?»

ገረመው ጠዋት ያለውን ረስቷል። እትዬ በለጡ ግን አልረሱም፤ ጠዋት ሲጮህ ቅያሱ በሙሉ ሰምቶታል። ሚዜዎቹም ሰምተዋል። ሸምሱማ ያን ጊዜም ስቋል።

«አይሆንም!» አለ ገረመው። «አይሆንም፣ አይሆንም! ወተት በመሰለ ቆዳ ላይ ዶሮ ወጥ? አንዲት ጠብታ ከነካው ገዛኋት ማለት ነው። አስካለ ሳትፈቅድ ገዛኋት ማለት ነው! ከዚያ በኋላ የት አባቴ እገባለሁ?»

ወንዶች፣ ሐቁን እንናገር። ከሻጭ ቃል የሚብስ የሚስት ዝምታ አለ። ገረመው የፈራው እሱን ነው፣ አልፈርድበትም።

እግሩን እየጎተተ ወደ መኪናዋ ተመለሰ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሊሆን ነው። በሩን ሲከፍት አስካለ ጫማዋን አውልቃ፣ ወንበሩን ለጥጣ፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ተኝተሻል እንዴ?»

«አልተኛሁም። ዝምታ እየሰማሁ ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «የሰርጉ ጫጫታ፣ የሰፈሩ ጫጫታ፣ የአንተም ጫጫታ አይገባም። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጬ አላውቅም። እሺ፣ መንገዱ ተከፈተ?»

ገረመው በሩን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቃቀሰባት። «ምን ይከፈታል! መስኮቱ አልወርድም አለ፣ መኪናዋ አላልፍም አለች፣ ድንኳኑ አልታጠፍም አለ፣ አግዳሚዎቹ አንንቀሳቀስም አሉ፣ ሽማግሌዎቹ አንነሳም አሉ፣ ድስቱ ዳገት አልወጣም አለ፣ ሚዜዎቹ አንሸከምም አሉ፣ ባጃጇ አልጭንም አለች…»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ… አይሆንም አልኩ።»

አስካለ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ለየቀኑ ናት አላልከኝም? ገረመው፣ የእኛ ሰፈር የየቀን ኑሮ ይኸው ነው። ድስት ነው። ድስት የማትጭን መኪና ለምን ትሆነኛለች?»

ያን ጊዜ ትንቢት ከትከሻው ላይ መዝፈኗን አቆመች። አገጯ ተንቀጠቀጠ።

«ካልደረስኩ ሌላ ልጅ ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› ትላቸዋለች» አለች። «እኔ ግን ስንት ቀን ተለማምጄዋለሁ።»

አንድ ትኩስ ነገር የገረመው ግንባር ላይ ጠብ አለ። እንባ ነው። ከሁሉም ጠብታ የከበደችው እሷ ናት። ገረመው የልጁን ነጭ ጫማ በሁለት እጁ ጨብጦ፣

«እሺ!» አለ።

አቤት! ከዚህ በኋላ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። ገረመው እሺ አለ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ቁልቁል ወረደች፣ ባጃጇ መንገድ ለቀቀች፣ ሚዜዎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ድስቱን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ አስካለ የደህንነት ቀበቶውን በድስቱ ወገብ አዙራ ቀጭ አደረገችው። እትዬ በለጡ በአንድ በኩል፣ ትንቢት በሌላ በኩል ሆነው ድስቱን እንደ ሙሽራ አጀቡት። ዳገቱ ተጀመረ። ገረመው እንደ ቄብ ዶሮ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል፣ መረቁ ግን አይነቃነቅም። የድስቱ ክዳን እንኳን ቅጭል አላለም።

«እሰይ መኪና!» አሉ እትዬ በለጡ። «እኔ ስራመድ ከዚህ የበለጠ እነቃነቃለሁ።»

ድስቱ ዳገቱን ወጣ፣ ሽማግሌዎቹ በሉ፣ ሆዳቸው ዝም አለ፣ አፋቸው ተከፈተ። «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ብለው ሙሽሮቹን መረቁ። አባባ መኩሪያው ትርፍ ምርቃት ስለቀራቸው ወደ መኪናዋ ዞረው «አንቺንም ከጭረት ይሰውርሽ» አሏት፤ ሁሉም አሜን አለ። ሽማግሌዎቹ ተነሱ፣ አግዳሚዎቹ «እፎይ» ብለው ወጡ፣ ድንኳኑ የመዝጊያ ንግግር ላድርግ ሲል ሚዜዎቹ ገመዱን ፈቱበት፣ ታጠፈ፣ መኪናዋ አለፈች፣ አስፋልቱ መጣ!

መስኮቱስ? ገረመው መስኮቱን ረስቶት ነበር። ግን መኪናዋ ውስጥ የዶሮ ወጡ ሽታ እንደታመቀ ነው፤ በርበሬው ዓይን ያቃጥላል። ገረመው አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ በሦስተኛው አራቱንም መስኮት በራሱ እጅ አወረደው።

ነፋሱ ገባ! የትንቢትን ሹሩባ በተነው፣ ፊቷን መታው፣ አፏ ውስጥ ገብቶ አሳቃት። ራሷን አውጥታ ያገኘችውን ሁሉ ተቀበለች። ለትራፊክ ፖሊሱ «እንኳን ደህና መጣችሁ!»፣ ለሙዝ ሻጮቹ «እንኳን ደህና መጣችሁ!»፣ አስፋልት ለሚሻገሩት ፍየሎች «እንኳን ደህና መጣችሁ!» አለች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ እንግዶቹ ገና እየተቀመጡ ነበር። ሹሩባዋ እንደቆመ መድረክ ላይ ወጣች፣ አንድም ቃል አልሳተችም። ገረመው ከሁሉም በላይ አጨበጨበ፤ አስካለ ግን መኪናዋ ወደቆመችበት በኩል ታያለች።

ማታ አቶ ናደው መጣ። ወንበሩን በመብራት አየ፣ ላስቲኩን በእጁ ዳሰሰ፣ አፍንጫውን ነፋ አደረገ።

«የሆነ ነገር ይሸታል። ሽታ ግን ጠብታ አይደለም። ንጹሕ ናት ወንድሜ፤ ቁልፉን አምጣ።»

ገረመው አስካለን አየ። እሺም አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ልቡ እየተሰበረ ቁልፉን ዘረጋ።

«ቆይ አንዴ» አለች አስካለ።

እትዬ በለጡ ለድካማችሁ ብለው የሰጧትን ሳህን ከነክዳኑ ከቤት አመጣች። የኋላውን በር ከፈተች። የወንበሩን ላስቲክ በጥፍሯ ያዘችና ጭርርር አድርጋ ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። ገረመው ጮኸ። አቶ ናደውም ጮኸ። አስካለ አልቸኮለችም፤ ክዳኑን አነሳች፣ ጣቷን ወጡ ውስጥ ነከረች፣ ወተት በመሰለው ቆዳ ላይ አንዲት ጠብታ ጠብ አደረገች።

«አሁንስ አቶ ናደው?»

አቶ ናደው ጠብታዋን አየ፣ አስካለን አየ፣ ሳቁ አመለጠው። «ገዝታችኋታል።»

ገረመው ሚስቱን አቅፎ በግቢው አዞራት። ትንቢት በተከፈተው መስኮት ወደ መኪናዋ ውስጥ ጎንበስ አለች፤ ወንበሩን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ፣ ቀን መድረክ ላይ ባለችው ድምፅ፣

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻት።

ተረቴን መልሱ፣ የመኪናዋን መስታወት በጨርቅ አብሱ። ጠብታዋን ግን ተዉአት።